ጎዳና ያደረ ይባረር? የለንደኑ ክርክር ከጎንደር ሲታይ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጎዳና ላይ ሲያድሩ ተይዘው ከአገር እንዲወጡ የተወሰነባቸው ሦስት ሰዎች ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ፍርድ ሰጠ። አንዱ የላትቪያ፣ ሁለቱ የፖላንድ ዜጎች ነበሩ። መልስ ሰጪው የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የክርክሩ ጭብጥ በአንድ መስመር ይጠቃለላል፦ መንገድ ላይ ማደር ብቻውን ሰውን ከአገር ለማስወጣት በቂ ምክንያት ይሆናል? ዳኛ ላንግ አይሆንም አሉ።

ይህን ፍርድ ጎንደር ላይ ሆኖ ማንበብ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ከሰኔ ጀምሮ የአረም ሠራተኛ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ደግሞ የሰሊጥ አጫጅ በጎንደር በኩል ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሁመራ ይጎርፋል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ፣ ከስሜን ደጋ የመጣ ነው። ልብሱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠምጥሞ መናኸሪያው አካባቢ ይወርዳል። ደላላው እስኪመጣ፣ ዋጋ እስኪቆረጥ፣ መኪና እስኪገኝ ከተማው ውስጥ ያድራል። ገንዘብ ያለው ለሦስትና ለአራት ሆኖ አልጋ ይከራያል፤ የሌለው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ በረንዳው ላይ ይጋደማል፤ አለዚያም ከአርባ አራቱ ታቦት ወደ አንዱ ደጅ ይጠጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሥራው ሲያልቅ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ያኔ ከፊሉ ገንዘብ ይዞ፣ ከፊሉ ታሞ፣ ከፊሉ ደግሞ ተቀምቶ ነው። ባዶ እጁን ቀዬው መግባት ያሳፈረው እዚሁ ይቀራል፤ አሸዋ ያወርዳል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ በዓል ሲመጣ በግ ይነዳል። በቆላው ከእርሻ እርሻ ሲዞር የሚኖረውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ከተማ ሲገባ ግን በረንዳ አዳሪ ይባላል፤ ሠራተኛነቱን የሚያስታውስለት የለም።

ከዚያ ጥምቀት ይቃረባል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ጎዳናው መጽዳት አለበት ይባላል። በብዙ ከተሞቻችን የተለመደ ነው፦ መኪና ይቆማል፣ ሰው ይጫናል፣ ከከተማ ራቅ ብሎ ይራገፋል ወይም «ወደ መጣበት» ይሸኛል። የሚጫነውን ሰው ሥራ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የለም።

የለንደኑ ጉዳይ የዚህ ወንድም ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ሁሉም ነገር ተጽፎ መገኘቱ ነው።

መብቱ ከየት መጣ?

ፖላንድና ላትቪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆኑት እ.ኤ.አ. በሜይ 2004 ነው። በዚያ ዓመት ከገቡት የምሥራቅ አገሮች ለሚመጡ ሠራተኞች የሥራ ገበያቸውን ወዲያው የከፈቱት ነባር አባላት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ግንበኛውም፣ ሳህን አጣቢውም፣ እንጆሪ ለቃሚውም ወደዚያ ተመመ። ያ ሥራ ደግሞ ብዙው በቀን ሒሳብ ወይም በኤጀንሲ የሚገኝ፣ ዛሬ ኖሮ ነገ የሚቀር ነው። ሥራው በቆመ ማግስት የቤት ኪራዩ ይጎድላል፤ ኪራዩ የጎደለበት ሰው ዘመድ ከሌለው መጨረሻው መንገድ ነው።

በዚያው በ2004 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ የአንድ አባል አገር ዜጋ ሌላ አባል አገር ገብቶ ሦስት ወር እንዲቆይ ሲፈቅድ ከመታወቂያ ወይም ከፓስፖርት በቀር የሚጠይቀው የለም። ከሦስት ወር በኋላ ሰውየው ሠራተኛ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ተማሪ ወይም ራሱን የሚያስተዳድር መሆን አለበት። አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ቋሚ የመኖሪያ መብት ያገኛል። መመሪያው ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ «ቤት ይኑርህ» የሚል ቃል አይገኝበትም። ይህ ነጥብ ኋላ ክርክሩን ያሸነፈ ነጥብ ነውና ይያዝልኝ።

መመሪያው አንድ በር ግን ክፍት ትቷል። መብቱን አላግባብ የተጠቀመ ወይም ያጭበረበረ ሰው መብቱን ሊነፈግ ይችላል ይላል፤ ምሳሌ ብሎ የሚጠቅሰውም ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ተብሎ የሚፈጸምን የይስሙላ ጋብቻ ነው። የእንግሊዝ ሚኒስቴር ቤት አልባዎቹን ለማስወጣት የተጠቀመው በዚህ በር ነው።

በሰርኩላር የተዘጋ በር

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዌስትሚኒስተር በሚባለው የለንደን ክፍል የሙከራ ዘመቻ ተደረገ። በሜይ 2016 ሚኒስቴሩ ለሠራተኞቹ ባወጣው የአሠራር መመሪያ ጎዳና ማደርን መብትን አላግባብ የመጠቀም ድርጊት አድርጎ ቆጠረው። በፌብሩዋሪ 2017 የወጣው እትም ደግሞ ኋላ ፍርድ ቤት የቀረበው ነው። በመካከሉ፣ በጁን 2016፣ እንግሊዝ ከኅብረቱ እንድትወጣ ሕዝበ ውሳኔ ተሰጥቷል፤ የጊዜው አየር ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ልብ በሉ፦ አዲስ ሕግ አልወጣም። ፓርላማ ተሰብስቦ «ጎዳና ያደረ የውጭ ዜጋ ይባረር» አላለም። የተለወጠው ቢሮ ውስጥ ያለ የሥራ መመሪያ ነው። እኛም አገር መብት በብዛት የሚጠበው በአዋጅ አይደለም፤ በደብዳቤ፣ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ «ከበላይ በወረደ አቅጣጫ» ነው። በአዋጅ የተከለከለ ሰው ቢያንስ ነጋሪት ጋዜጣውን ይዞ ይከራከራል። በአቅጣጫ የተከለከለ ሰው ግን የሚከራከርበትን ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጉዳዩ ያልፍበታል። የለንደኖቹ ዕድለኞች ናቸው የምለው መመሪያው ታትሞ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ነው።

መመሪያው መሬት ላይ ሲወርድ እንዲህ ይሠራል። የኢሚግሬሽን ሠራተኞች፣ አንዳንዴ ከፖሊስና ለቤት አልባዎች እርዳታ ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ሆነው፣ ሌሊት ወይም ማለዳ የሚተኛባቸውን ቦታዎች ይዞራሉ። የተገኘውን ሰው ይቀሰቅሳሉ፤ ዜግነቱን ይጠይቃሉ፤ የመኖር መብት እንደሌለው የሚገልጽ ወረቀት ይሰጡታል። ከዚያም ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ይወስዱበታል። ከፊሉ ማቆያ ይገባል፤ ከፊሉ ባለበት ይተዋል።

ባለበት የተተወው ሰው ተረፈ ማለት አይደለም። መታወቂያ የሌለውን ሰው አሠሪ አይቀጥርም። ከፌብሩዋሪ 2016 ጀምሮ ደግሞ በመላው እንግሊዝ ቤት አከራዮች የተከራዩን ወረቀት የማጣራት ግዴታ ተጥሎባቸው ስለነበር ቤትም አይከራይም። ትናንት ሥራ ፈላጊ የነበረ ሰው ዛሬ ሥራ መፈለግ አይችልም፤ ሥራ ካልፈለገ ደግሞ የመኖር መብቱ በእርግጥ ይጠፋል። ሚኒስቴሩ «ሥራ የለውም፣ ቤት የለውም» ብሎ የሚያቀርበው ማስረጃ ራሱ በወሰደው መታወቂያ የተፈጠረ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ማባረሩ እንኳ ይህን ያህል አያስቆጣኝም።

አንድ የበለሳ ልጅ አስታወሰኝ። የሰሊጥ አጨዳ አብቅቶ ተመልሶ መናኸሪያው ጀርባ በረንዳ ላይ ነበር የሚያድረው። ጉልበቱ ድረስ የተጠቀለለ ሱሪ፣ በላስቲክ ገመድ የታሰረ ጫማ። በውስጥ ኪሱ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ መታወቂያው ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አሳየኝ፤ ላስቲኩ የካርዱን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ ካርዱ የለም።

«ጋሼ፣ ደላላው ያዘብኝ» አለ።

«ለምን ያዘው?»

«ሥራው ሳያልቅ እንዳትጠፋ ብሎ።»

«ሥራው አለቀ አይደል?»

«አለቀ። እሱ ጠፋ።»

መታወቂያ የሌለው ሰው የተላከለትን ገንዘብ ከባንክ አያወጣም፤ ኬላ ላይ ሲጠየቅ የሚያሳየው የለውም፤ ሲም ካርዱ ቢጠፋበት መልሶ አያወጣም። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ወደ ቀበሌው መመለስ አለበት፤ ለመመለስ የመኪና ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡ ደግሞ አሠሪው እጅ ነው። ይህ ልጅ «ወደ አገሩ ቢመለስ ይሻለዋል» ከሚባሉት አንዱ ነው። መመለስ እንደማይፈልግ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ደብተሩን የያዘው ማን ነው?

የኢሚግሬሽን ሠራተኛ በትልቅ ከተማ ውስጥ የትኛው ድልድይ ሥር የየትኛው አገር ሰው እንደሚያድር በምን ያውቃል? ብቻውን አያውቅም። የሚያውቀው ሾርባና ብርድ ልብስ ይዞ በየማታው የሚዞረው ሰው ነው።

ለንደን ውስጥ ጎዳና አዳሪዎች የሚመዘገቡበት ቻይን የሚባል የመረጃ ቋት አለ። ዓላማው መልካም ነው፦ ማን የት እንደሚያድር፣ ምን እርዳታ እንዳገኘ፣ ምን እንደሚቀረው ለማወቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የእንግሊዝ ዜጋ ያልሆኑ ጎዳና አዳሪዎች በየትኞቹ ሰፈሮች እንደሚበዙ የሚያሳይ ካርታ ለሚኒስቴሩ መድረሱን የአገሪቱ ጋዜጦች አጋለጡ። አንዳንድ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞችም ከኢሚግሬሽን ሰዎች ጋር አብረው ሲዞሩ እንደነበር ታወቀ። ከታላላቆቹ አንዱ መጀመሪያ ሲያስተባብል ቆይቶ፣ በ2019 ባደረገው የራሱ ማጣራት ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ የሰዎችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው አሳልፈው እንደነበር አምኗል።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ «በብርድ ከሚሞት አገሩ ቢገባ ይሻለዋል» ብለው ከልባቸው ያሰቡ ይመስለኛል። በጀታቸውም ከመንግሥትና ከከተማው አስተዳደር የሚመጣ ነበር፤ ውጤት የሚለካውም «ስንት ሰው ከጎዳና ተነሣ» ተብሎ ነው። ሰውየው ከጎዳና ተነሥቶ ቤት ይግባ ወይ አውሮፕላን ላይ ይጫን፣ በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የእኛን ከተማ ሥርዓት ሳስብ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የቀበሌው መዝገብ፣ የበጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ዝርዝር፣ በጾም ወራት ምሳ የሚያበላው ማኅበር የስም መያዣ፣ ሁሉም በቅንነት ይጀመራሉ። «የትውልድ ቦታ» የሚለው ሣጥን ግን በሁሉም ላይ አለ። ዳቦ ለመስጠት የትውልድ ቦታ ለምን ያስፈልጋል? ጠይቄ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም። «ፎርሙ ላይ ስላለ ነው» ይሉኛል።

በዚህ አገር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ እግሩን ያጥቡት ነበር። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ በከንቱ የተሠራ አይመስለኝም።

እንዴት ተቋቋሙት?

ለንደን ላይ ጉዳዩን ያነሡት ትልልቅ ድርጅቶች አልነበሩም። በምሥራቅና በሰሜን የከተማዋ ክፍል የሚንቀሳቀስ፣ ኔልማ በሚል ምህጻር የሚታወቅ አነስተኛ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ነው። ቀድሞ የሚሠራው ስደተኞች ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሲሄዱ አብሮ መሄድ ነበር። አብሮ መሄድ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም ባለጉዳይ ብቻውን ሲገባ «ነገ ና» የሚለው ሠራተኛ፣ አጠገቡ ደብተር የያዘ ሰው ሲያይ አነጋገሩን እንደሚያስተካክል ቢሮ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከ2016 በኋላ የቡድኑ ሰዎች ወደ ጎዳናው ወጡ። ጎዳና አዳሪዎችን ፈልገው መብታቸውን ይነግሯቸው ጀመር፤ ወረቀት የደረሳቸውን ከጠበቃ ጋር ያገናኙ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ ነው ብሎ ያሰበው ነገር አንድ አሠራር መሆኑ የታየው ያኔ ነው፤ ያው ወረቀት፣ ያው አንቀጽ፣ ያው የመታወቂያ ነጠቃ። በላምቤት የሕግ ማዕከል ውስጥ የነበረ፣ ለሕዝብ ጥቅም የሚከራከር የጠበቆች ክፍል ጉዳዩን ይዞ ሦስቱን አመልካቾች ወክሎ ፍርድ ቤት ገባ።

ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ለአብዛኛው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት የጠበቃ ድጎማ ቆርጦታል። አድራሻ የሌለው ደንበኛ ደግሞ ለጠበቃ ፈተና ነው፤ ቀጠሮ ሲለወጥ ምን ላይ ይደወልለታል? መጥሪያው የት ይደርሰዋል? ከዚህ ሁሉ በላይ ማቆያ ውስጥ የቆየ ሰው ይታክታል፤ «ልሂድና ልረፍ» ይላል። ከአገር እንዲወጣ የተደረገው ሰው ደግሞ ክስ ለማቅረብ እጅግ ይቸገራል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ጉዳይ አስተዳደሩ የሚያሸንፈው በብዛት ተከራክሮ አይደለም፤ ከሳሹን ቀድሞ በማሳጣት ነው።

ፍርዱ

ዳኛዋ የሚኒስቴሩን መመሪያ በሦስት ምክንያት ሕገ ወጥ ብለውታል።

ዋናው የመጀመሪያው ነው። መብትን አላግባብ መጠቀም የሚባለው ሰውየው ሕጉ ያላሰበውን ጥቅም ለማግኘት ሁኔታዎችን ሆን ብሎ ሲያቀናብር ነው። የይስሙላ ጋብቻ እንዲህ ነው። ጎዳና ላይ የሚተኛ ሰው ግን ምን ጥቅም አቀናበረ? የሕጉ ዓላማ ሰዎች በነጻነት እንዲንቀሳቀሱ ነው፤ ጎዳና ማደር ይህን ዓላማ አያፈርስም። ይህን ክፍል ለተማሪዎች ሳነብ ሁልጊዜ የሚስቅ አይጠፋም፤ ብርድ ላይ ተኝቶ ሕግ የሚያጭበረብር ሰው መገመት ያስቃልና። በሚኒስቴሩ ቢሮ ግን ይህ በቁም ነገር ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ሥራ ላይ ውሎ ነበር።

ሁለተኛው አድልዎ ነው፤ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ የአገሪቱ ዜጋ የማይደርስበት ቅጣት በእነዚህ ላይ ደርሷል። ሦስተኛው፣ የኅብረቱ መመሪያ በአንድ ሰው ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር መብቱን ማጣራት ይፈቅዳል እንጂ አንድን የሰዎች ክፍል በጅምላ እየለዩ ማጣራትን ይከለክላል የሚል ነው። ጎዳና አዳሪን ሁሉ እየቀሰቀሱ መጠየቅ በጅምላ ማጣራት ነው።

ሚኒስቴሩ በፍርዱ ማዘኑን ገልጾ ይግባኝ ሳይጠይቅ ቀረ።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ

የለንደኖቹ ሰዎች የቆሙበት መሠረት የኅብረቱ ስምምነት ነው። በዚያው አስፋልት፣ ከአጠገባቸው ተኝቶ የነበረ ኢትዮጵያዊ ወይም ሱዳናዊ በዚህ ፍርድ ሊጠቀም አይችልም ነበር፤ የነጻ እንቅስቃሴ መብቱን የሚሰጠው ስምምነት የለውም። የእኛ ሰው ወረቀት በማጣቱ ብቻ ታፍሶ ሲመለስ በብዛት አይተናል፤ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚያን ሰዎች የሚጠቅም እንዲህ ያለ ክርክር የሚቀርብበት ፍርድ ቤት አልነበረም።

ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥቶ ጎንደር በረንዳ ላይ ያደረው ሠራተኛ ግን ከፖላንዱ ሰው የጠነከረ መብት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት ነጻነት ይሰጠዋል። የሦስት ወር ገደብ የለበትም፤ ሥራ ፈላጊ መሆንህን አስረዳ አይልም። «ወደ መጣህበት ተመለስ» ለሚለው ትእዛዝ መልሱ እዚያ ተጽፏል።

አስተዳደሮች የሚጠቅሱት አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። እንግሊዝም የዚህ አምሳያ አውጥታ ነበር፤ ጎዳና ላይ ማደርንና ልመናን የሚያስቀጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 የወጣ። የእኛ አዋጅ ግን በጥሞና ሲነበብ ቤት ማጣትን ብቻውን ጥፋት አያደርግም። ሰውየው መሥራት እየቻለ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑን፣ በተጨማሪም በአዋጁ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች አንዱን ሲፈጽም መገኘቱን ይጠይቃል። ከመተማ ሰሊጥ አጭዶ የመጣ ሰው መተዳደሪያ የለውም ሊባል አይችልም፤ መተዳደሪያው ተከልክሎበት ነው። በዚህ አዋጅ እንኳ የሚያዝ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ መኪና ላይ ተጭኖ ከከተማ ውጭ ማራገፍ የሚባል ቅጣት ግን በየትኛውም ሕጋችን አላየሁም።

ብዙ ሰው የማያየው የሠራተኛነቱን ጎን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የተደረገን የሥራ ውል ይቀበላል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሰሊጡ ሂላ ላይ (ታጭዶ እንዲደርቅ በተደረደረበት) ቆሞ «ሒሳቡን ሲሸጥ» የሚል ባለሀብት የሕግ ድጋፍ የለውም። እኔ እንደማየው በረንዳ ላይ ከሚያድሩት ወቅታዊ ሠራተኞች ብዙዎቹ የደመወዝ ባለገንዘብ ናቸው። ከሌላ ሰው የሚፈልጉት ምጽዋት ሳይሆን ቀሪ ሒሳባቸውን ነው።

የጤናውን ጣጣም መዝለል አይገባም። ቆላ ላይ ዋልካ መሬት በሆነ እርሻ ዳር፣ ግራር ሥር የሚያድር ሠራተኛ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሰለባ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል ያቋቋመውም በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል። ከአልጋ ተነሥቶ የሚሄድበት የሌለውን ሕመምተኛ ከበረንዳ አንሥቶ ወደማይታወቅ ቦታ መጫን ክትትሉን ማቋረጥ ነው።

ከፍርዱ በኋላ

ድሉ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሚኒስቴሩ ለጎዳና አዳሪዎች ድጋፍ የሚል ስም በተሰጠው አዲስ አገልግሎት አማካይነት እንደገና መረጃ ለመሰብሰብ ሲያቅድ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እንግሊዝ ከኅብረቱ የወጣችበት የሽግግር ጊዜ ሲያበቃ የፍርዱ መሠረት የነበረው ስምምነት ለአዲስ መጪዎች ቀረ። ከዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ጀምሮ ጎዳና ማደር የውጭ ዜጋን ፈቃድ ለመሰረዝ የሚያበቃ ምክንያት ሆኖ በኢሚግሬሽን ደንቡ ውስጥ ገባ። ፍርድ ቤት በር ሲዘጋባቸው ሕጉን ራሱን ለወጡት ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነበር። የለንደን ከተማ አስተዳደርን ጨምሮ ብዙ የአካባቢ ምክር ቤቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአደባባይ «አንተባበርም» አሉ። ስም አናስተላልፍም፣ ካርታ አንሰጥም፣ አብረን አንዞርም። ደንቡ በ2021 ተለሳልሶ፣ የቀረበለትን ተገቢ እርዳታ ደጋግሞ እምቢ ያለና ሌላውን በተደጋጋሚ የሚያውክ ሰው ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደረገ። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይልቅ ይህ እምቢታ ለእኛ የበለጠ ያስተምራል ባይ ነኝ፤ ዳኛ ሳይጠብቅ የሚሠራ ነውና።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ክስ ለማቅረብ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መንገዱን ይከፍታል፤ አባላቱን የሚወክል ማኅበር ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ሰው ስለ እነርሱ ፍትሕ መጠየቅ ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሚጎድለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ያላችሁ፣ ደጀ ሰላም የምታገለግሉ፣ ማኅበር ያላችሁ ሰዎች፦ ሰዎች ሲጫኑ ካያችሁ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተወሰዱበትን ቦታ፣ መታወቂያ የተወሰደበት ካለም የወሰደውን ሰው የሥራ መደብ ጻፉ። የተጫኑትን ስም የምትጽፉት ግን ራሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም እናንተው ጋር ይቀመጥ። መታወቂያ ያለውን ሠራተኛ ፎቶ እንዲያነሣውና ለቤተሰቡ እንዲልከው ንገሩት፤ የፋይዳ ቁጥር ያለውም ቁጥሩን በቃሉ ይያዝ።